ጀርም ያስተማረው ሌንጂሳ

ሌንጂሳ ቁጭ ብሎ አያውቅም። በአምቦ የባጃጅ ተራ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ “ያ የማይቀመጠው” ሲባል ማን እንደሆነ ይገባዋል። ሌላው ሾፌር ተራው እስኪደርስ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲጎረጉር፣ እሱ ወርዶ ጎማውን በጫማው ይመታል፣ መስተዋቱን ይወለውላል፣ ከፊቱ ያለውን ሾፌር “አንተ፣ ተንቀሳቀስ እንጂ! ተራ ነው ወይስ መቃብር?” ይለዋል። ቤቱም ያው ነው። ምሳ ሲቀርብለት አንድ ጊዜ ይጎርስና እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል። ሚስቱ ኤቢሴ “እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ነፋስ?” እያለች ትስቅበታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳትስቅ ትለዋለች።

እንግዲህ ቀኝ እግሩን የተሰበረው ይህ ሰው ነው። አንድ ክረምት ከጉደር ሲመለስ፣ መንገድ መሀል የቆመ አህያ አድናለሁ ብሎ ባጃጁን ገለበጠው። አህያው ምንም አልሆነም። የሌንጂሳ ቅልጥም ግን ተሰብሮ በብረት ተገጠመ። አጥንቱ ያዘ፣ እሱም ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሆኖም ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ስፌቱ ያለፈበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አልደፈን አለች። ትደርቃለች፤ ዳነ ሲባል እንደገና ትከፈትና መግል ታወጣለች።

ቀዳዳዋ በተከፈተች ቁጥር ሌንጂሳ መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። “ያንን ባለሁለት ቀለሙን ስጡኝ” ይልና ይውጣል። ሕመሙ ቀለል ሲለው ደግሞ ይተወዋል፤ የዳነ እግር ይዞ መድኃኒት የሚውጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? የተረፈውን ባጃጁ ውስጥ ከመሪው ሥር ባለችው ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ጥርሱን ያመመው ተሳፋሪ ከገጠመው ከዚያው አንስቶ ይሰጠዋል። የራሱ ሲያልቅበት ደግሞ የተራ ጓደኛው ቶኩማ ለቶንሲሉ ገዝቶ ያስተረፈውን ለምኖ ይውጣል። ኑሮው እንዲህ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሙ ከላቦራቶሪ የመጣውን ውጤት ይዞ ከፊቱ ተቀመጠ። ከመግሉ ተወስዶ ጀርሙ ተመርምሯል፤ በየመድኃኒቱ አንጻር ጀርሙ ይሞት አይሞት እንደሆነ በአንድ ፊደል ተጽፏል። ሐኪሙ ጣቱን ቁልቁል እያስኬደ “አይሞትም፣ አይሞትም፣ በዚህም አይሞትም” አለ። “አቶ ሌንጂሳ፣ ጀርሙ መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል።”

ሌንጂሳ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። “ተላመዳቸው? ጥሩ አይደል? ከተስማሙ...”

ሐኪሙ አማርኛው እንዳልያዘለት አየና ወደ ኦሮምኛ ዞረ። “ቆሪቻ በረቴ!”

“ቆሪቻ” መድኃኒት ነው፤ “በረቴ” ማለት ግን በኦሮምኛ ለመደ ማለትም ነው፣ ተማረ ማለትም ነው። ሌንጂሳ የሰማው ሁለተኛውን ነው። “ተማረ? ጀርሙ? እኔ አሥረኛን ሁለት ጊዜ ወድቄ የተውኩትን ትምህርት?”

“ተምሯል” አለ ሐኪሙ፣ አልሳቀም። “መድኃኒቱን ጀምረህ ስታቋርጥ ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል። የተረፈው ይራባል። በሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱ ሲመጣ ጠባዩን ያውቀዋል። መምህሩ አንተ ነህ።”

ቀጥሎም ያለውን ነገረው። አንድ የሚገድለው መድኃኒት ቀርቷል፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። እግሩ ተከፍቶ ብረቱ ይወጣል፣ የሞተው አጥንት ይጸዳል፣ ከዚያ ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒቱን ለሳምንታት መውሰድ አለበት። ሳያቋርጥ። ካልሆነ ጀርሙ አጥንቱን እየበላ ይሄዳል፤ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል።

ሌንጂሳ ከዚህ ሁሉ ሁለት ቃል ይዞ ወጣ፦ ሳምንታት እና መቆረጥ። እግሩ ተቆርጦ ሲታየው ቅልጥሙን ይዳብሳል፤ የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ራሱ ተኝቶ ሲታየው ደግሞ ብድግ ይላል። በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ቀናት አለፉ።

ተራ ላይ ግን ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ቶኩማ ገና ከሩቅ ሲያየው ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ “በርሲሳ!” ብሎ ጮኸ፤ መምህር ማለቱ ነው። “በርሲሳ ሌንጂሳ! ተማሪዎችህ እንዴት አደሩ?”

“ካንተ ይሻላሉ። ቢያንስ ያሳየኋቸውን ይይዛሉ።”

“ፈተናውን ሁሉም አለፉ አሉ!”

“ቶንሲልህን ባትሰጠኝ ኖሮ አንዱ ይወድቅ ነበር” አለ ሌንጂሳ፤ ተራው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀ፤ ሱሪው ሥር ግን ፋሻው ርሶ ነበር።

ለንሳ የእህቱ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ የምታጠናውም ይህንኑ ነገር ነው፦ መድኃኒት በማይገድላቸው ጀርሞች ላይ የአገር ቤት ቅጠሎችን መሞከር። ከየሰዉ ቁስል ናሙና ስትሰበስብ የአጎቷንም ጠይቃው፣ ፈቅዶ ፈርሞላት ወስዳለች። ቅጠሎቹን ደግሞ ከየወረዳው አሰባስባለች። የብሳናውን ቅጠል ያገኘችው እንጭኒ፣ ከኤቢሴ አጎት ከኦቦ ከበበው ጓሮ ነው። ኦቦ ከበበው ለቁስል ቅጠል በመስጠት በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ለንሳ እነ ሌንጂሳ ቤት ምሳ ላይ መጣች። እንደ ልጅ ደስ ብሏት ነበር። ገና ሳትቀመጥ፣ “ኤሱማ!” አለችው፤ አጎቴ ስትል ነው። “ያንተን ጀርም በኦቦ ከበበው ብሳና ሞከርኩት። ዙሪያውን ድራሹ ጠፋ!”

የሌንጂሳ እጅ ወጡ ላይ ቀረ። “ሞተ?”

“ሳህን ላይ፣ ኤሱማ” አለች፤ ስህተቷ ወዲያው ገብቷት ከንፈሯን ነከሰች። “ላቦራቶሪ ውስጥ ማለቴ ነው። እግር ሌላ ነገር ነው...”

ሌንጂሳ ግን እሱን አልሰማም። ጀርሙ ተምሮ መድኃኒቱን ሁሉ አወቀ፤ ይህን ብሳና ግን አያውቀውም። የማያውቀው ነገር ተገኘለት! ማንም ሳይተኛ፣ ማንም ሳይቆረጥ። ያን ቀን የቀረውን ሰዓት በግቢው ከወዲህ ወዲያ ሲል ዋለ። ሰኞ ማለዳ ባጃጁን ለቶኩማ ሰጥቶ ሚኒባስ ተሳፈረ።

መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ ብሳና ያያል። አጥር ላይ ብሳና፣ እርሻ መሀል ብሳና፣ ጊንጪ መውጫ ላይ አንድ ላም የምትታከክበት ብሳና። አንዱንም ከዛፍ አልቆጠረውም። የለንሳ ሳህን ላይ ጀርሙን የገደለው የኦቦ ከበበው ነው፤ ሌላው ብሳና ዝም ብሎ ብሳና ነው። አዲስ ዓለምን አልፎ፣ በሆለታ ዞሮ እንጭኒ ሲደርስ እግሩ አብጦ ጫማው ጠቦት ነበር።

ኦቦ ከበበው ምክንያቱን ሰሙና መኝታ አሳዩት። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ፣ ቅጠሉን ቀጥፈው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉለት። ጥቅሉን ሲሰጡት ነው የተናገሩት።

“ወንዝ አታሻግረው። ወንዝ የተሻገረ መድኃኒት ይረክሳል።”

“ኦቦ ከበበው፣ ቤቴ እኮ አምቦ ነው!”

“አውቃለሁ።”

“እስከዚያ ያለውን ወንዝ ያውቁታል? አዋሽም አለ እኮ!”

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። “እንግዲያው ድልድይ ላይ ስትደርስ ከብብትህ አስገባው። ተሻግረህ እስክትጨርስ አፍህን አትክፈት። ትንፍሽ ካልክ አለቀለት።”

“ለንሳ ስትወስደው እንዲህ አድርጋለች?”

“እሷማ ቦርሳ ውስጥ ከትታ፣ ከሾፌሩ ጋር እየተሳሳቀች ሄደች” አሉ ኦቦ ከበበው ቅር ብሏቸው። “የዩኒቨርሲቲ ነገር ለብቻው ነው።”

ለሌንጂሳ ከመቀመጥ የሚከብድ ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ትንሽ ድልድይ በመጣ ቁጥር አፉን ይገጥማል። ከዚያ ጭንቀት ያዘው፦ ቦይስ ወንዝ ይባላል? ከአስፋልቱ ሥር በቱቦ የሚያልፈውስ? ለማንኛውም ብሎ ለሁሉም አፉን ገጠመ።

አዋሽ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ረዳቱ ትከሻውን ነካው። “ወንድም፣ ሂሳብ!”

ሌንጂሳ ዓይኑን አፈጠጠበት።

“ወንድሜ፣ ሂሳብ እኮ ነው ያልኩህ። ምን ያፈጥብኛል ይሄ?”

“ተወው እባክህ” አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። “ዲዳ ይሆናል፣ የእግዜር ሥራ ነው።”

“ዲዳ ከሆነ ኪሱም ዲዳ ነው?”

ድልድዩ አለቀ። “ዲዳ አይደለሁም!” አለ ሌንጂሳ፣ የታፈነ ትንፋሹን በአንዴ ለቆ። “ድልድይ ላይ ስለሆንን ነው!” ረዳቱና ሴትዮዋ ተያዩ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤ እስከ አምቦ ማንም አላናገረው።

የቀረው የመጨረሻው ነው፣ ከተማው መሀል ያለው የሁሉቃ ወንዝ። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ውኃው ከታች ታየው። ስልኩ ጮኸ። ባጃጅ ሾፌር ስልክ ሲጮህ ማሰብ አያውቅም፤ እጁም አፉም ለምደውታል።

“ሃሎ!”

ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። ከብብቱ ሥር ቅጠሉ የቀዘቀዘ መሰለው።

“ኤሱማ!” የለንሳ ድምፅ ነበር። “ኤቢሴ ነገረችኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ ቁስልህ ላይ እንዳታደርገው! መጀመሪያ ወደ እኔ አምጣው። ልክ አንተ እንደምታደርገው አድርጌ በጀርምህ ላይ እሞክረዋለሁ። ካልገደለው ምን ያደርግልሃል?”

ሌላ ቀን ቢሆን እሺ አይልም ነበር። አሁን ግን መድኃኒቱ ይርከስ አይርከስ ማወቅ ፈለገ። ከሚኒባሱ ወርዶ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ፤ ለንሳም ጥቅሉን ተቀብላ ለሌላ ቀን ቀጠረችው።

በቀጠሮው ቀን ለንሳ ከላቦራቶሪው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል አስቀመጠችው። ነጭ ጋውን ለብሳለች። ክዳናቸው በፕላስተር የታሸገ ሁለት ትንንሽ ክብ ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንደኛውን ወደ ብርሃኑ አቀናችለት። ሳህኑ ላይ ነጣ ያለ ሽፋን አለ፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ክብ ወረቀት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል።

“ነጩ ያንተ ጀርም ነው። ወረቀቱ የተነከረው አንተ በምታደርገው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ተወቅጦ፣ በውኃ ተጨምቆ።”

ነጩ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ተጠግቶ በቅሏል። ምንም አልነካውም።

“ሁሉቃ ላይ ሃሎ ብዬ ነው” አለ ሌንጂሳ ወዲያው። “ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንደገና እሄዳለሁ።”

ለንሳ ሳቋን ዋጠች። ሁለተኛውን ሳህን አነሣች። እዚህኛው ላይ በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ አለ፤ ነጩ ነገር ሸሽቶ ዳር ላይ ቆሟል። ሌንጂሳ ብድግ አለ።

“ይሄስ?”

“ይሄም ያው ያንተ ቅጠል ነው። ከአንዱ ጥቅል። ያንኑ ወንዝ የተሻገረ፣ ያንኑ ሃሎ የሰማ።” ሳህኑን ዝቅ አደረገችው። “ልዩነቱ፣ ይሄኛውን አድርቄ፣ በአልኮል ዘፍዝፌ፣ አልኮሉ ከተነነ በኋላ የቀረውን ነው የተጠቀምኩት። ጀርሙን የሚገድለው ነገር በውኃ አይወጣም፣ ኤሱማ። ወንዙ ምንም አላደረገህም።”

ሌንጂሳ የሰማው ግማሹን ነው። “እንግዲያው ይሄኛውን ስጪኝ።”

“አልሰጥህም።”

“ለምን? ገደለው አይደል?”

“ሳህን ሥጋ የለውም። ይሄ ነገር ያንተን ሥጋ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፤ በአይጥ እንኳ አልተሞከረም። ደግሞ ጀርምህ ከላይ አይደለም፣ ብረቱ ሥር፣ አጥንቱ ውስጥ ነው ያለው። ከላይ ብትቀባው እንዴት ይደርሳል?”

በዚህ መሀል አንድ መምህር ከመተላለፊያው ጠራት። “መጣሁ፣ ምንም እንዳትነካ” ብላ ወጣች።

ሌንጂሳ ብቻውን ቀረ። ከሳህኖቹ አጠገብ ክዳን ያላት ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ ውስጧ ጥቁር አረንጓዴ ነገር። እሱ ራሱ ይሆን? ራሱ ነው፤ ላይዋ ላይ ብሳና ተብሎ ተጽፏል። እጁ ቀድሞት ሄደ። ጠርሙሷ ኪሱ ውስጥ ገባች። አሁን መውጣት ብቻ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ያውቀዋል፣ አይፈትሸውም። ቤት ይሄዳል፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፣ ነገ ተራ ላይ ነው።

መውጣት ነበረበት፤ ግን ያን ጥርት ያለ ክብ አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት አማረው። ሳህኑን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው። አየውና ቅር አለው። ጠጋ አደረገው። ጥርት ያለ ነው ያለው ክብ ውስጥ፣ ባዶው ቦታ መሀል፣ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ነጭ ነጠብጣቦች አሉ። እዚህ አንድ፣ ወዲያ ሌላ።

ለንሳ ስትመለስ ሳህኑን ይዞ ቆሞ አገኘችው።

“እነዚህ ምንድን ናቸው?”

ጠጋ ብላ አየች። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። “ትናንት አልነበሩም። ያልሞቱ ናቸው። ሌላው ሲያልቅ የተረፉ።”

“ቅጠሉን ችለው?”

“ሊሆን ይችላል። ገና እመረምራቸዋለሁ። ከቻሉት ግን፣ ከእነሱ የሚራቡት ይህን ቅጠል አይፈሩትም።”

ሌንጂሳ ድምፁ ወረደ። “እነዚህም በረቴ?”

“እነዚህም በረቴ፣ ኤሱማ።”

ከመሪው ሥር ያለችው ሳጥን ታየችው፤ ውስጧ የተበተነው ባለሁለት ቀለም ኪኒን። አሁን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ጠርሙስ ይዟል። ዛሬ ጠብ ያደርጋል፣ ሕመሙ ቀለል ይለዋል፣ ነገ ይረሳዋል፤ ራሱን ያውቃል። ይህንንም ያስተምረዋል። ከዚያ አንድ የቀረው፣ ያ የሚንጠባጠበው መድኃኒት። እሱንም ጀምሮ ከተወው ምን ይቀራል? እግሩ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እሱም አይቀርም።

እጁን ኪሱ ከተተና ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ መለሳት።

“ኤሱማ!” ለንሳ ፊቷ ቀላ።

“አትቆጪኝ። ዛሬ ትምህርት ዘግቻለሁ” አለ፣ ወደ በሩ እየሄደ። ከበሩ ተመለሰና፣ “ለኦቦ ከበበው ሁሉቃ ላይ እንዳወራሁ አትንገሪያቸው” አላት።

ሆስፒታል የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ብረቱ ወጣ፣ አጥንቱ ተጸዳ፣ መድኃኒቱም ከተሰቀለበት ብረት ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሌንጂሳ ጠብታውን ያያል። አንዷ ጠብ ትላለች፤ ሌላዋ አትመጣም፣ አትመጣም፣ ከዚያ ትመጣለች። እንዲህ ዓይነት ተራ አይቶ አያውቅም። ነርሷን በመጣች ቁጥር “ትንሽ ፈጠን አይልም?” ይላታል፤ “መድኃኒት ነው እንጂ ባጃጅ አይደለም” ትለዋለች። አጠገቡ የተኙት ሰዎች አልጋው ሲንቋቋ ይሰማሉ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ወደ መስኮት ያዞራል፤ ውጭ ክላክስ በተሰማ ቁጥር የማን ባጃጅ እንደሆነ ለጎረቤቶቹ ይናገራል።

ቶኩማ ብርቱካን ይዞ መጣ። “በርሲሳ! ክፍል ውስጥ እንዴት ነው?”

“እያባረርኩ ነው። አንድም እንዲያልፍ አልፈልግም።”

“አንተም እኮ አላለፍክም ነበር፣ ሁለት ጊዜ።”

“ሦስተኛውን እየተቀመጥኩ ነው፣ ዝም በል” አለ ሌንጂሳ።

ከዚያ ያ የሚያውቀው ቀን መጣ። ማለዳ ሲነቃ እግሩ አላመመውም። ፋሻው ሲቀየር ደርቆ ተገኘ። እብጠቱ ጎድሎ ቅልጥሙ ቅልጥም መስሏል። ሰውነቱ ሁሉ ተነሥ ተነሥ አለው። ድሮ የሚተወው በዚህች ቀን ነው፣ ሁልጊዜም በዚህች ቀን ነው። ኤቢሴ ቁርስ ይዛ ስትገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶታል።

“ወዴት ነው?” አለች፣ ሳህኑን እንደያዘች።

ሌንጂሳ የሚንጠባጠበውን አየ፤ በሩን አየ። ውጭ አንድ ባጃጅ ክላክስ አደረገ፤ የማን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሌላኛውንም ከአልጋው ሥር ስቦ አወጣና ሁለቱን አንድ ላይ ወደ እሷ ገፋቸው።

“እንኪ፣ ቤት ውሰጂያቸው። ሐኪሙ ጨረሰ እስኪል እንዳታመጪያቸው።”

“በባዶ እግርህ?”

“በባዶ እግሬ የት እሄዳለሁ? ውሰጂያቸው ስልሽ፣ ኤቢሴ፣ ቶሎ በይ!”

ጫማዎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ እስከ በሩ በዓይኑ ሸኛት። ተመልሶ ተጋደመ፤ አንሶላውን ጎትቶ እግሩን ሸፈነ። ከአንሶላው ሥር ቀኝ እግሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል።